የቁፋሮ ፎቶና ፋይል በቀን ይቀመጥ፣ በትሬንች ይቀመጥ ወይስ በሶፍትዌር? ከመንዝ ደጋ እስከ ይፋት ቆላ ለምትሰሩ

የትሬንች ቁጥር የሚጻፍበት ሰሌዳ ሳይያዝ የተነሳ አንድ የቁፋሮ ፎቶ ነበር። የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ስር ጥቁር አፈር፣ ቀይና ነጭ ስኬል (መለኪያ ዘንግ)፣ የሰሜን ቀስት፣ ሁሉም አለ፣ የትኛው ትሬንች (የቁፋሮ ጉድጓድ) እንደሆነ የሚናገር ግን ምንም የለም። ቁፋሮው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ጉድጓዱ ተመልሶ ተደፍኗል፣ እኔ መሀል ሜዳ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ በሶስት ትሬንች መሀል እዋልላለሁ። ከኛ ጋር ሲቆፍሩ የነበሩ አንድ ጋሼ የቀረቻቸውን ሂሳብ ሊቀበሉ ሲመጡ «እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብዬ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና «ይቺማ የኔዋ ጉድጓድ ናት ልጄ፣ ዶማዬ ነክቷት ሁላችሁም የጮሃችሁብኝ ድንጋይ እኮ ናት» አሉኝ፣ ከዛ ካቡ ላይ ያለችውን ነጭ ጭረት ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ነኩልኝ። እኔ ጭረቷን መቶ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ምን እንደሆነች ግን አላውቅም ነበር።

ፎቶው በሳቸው ትዝታ ዳነ። ባይመጡ ኖሮ ያ ፎቶ ዝም ብሎ የድንጋይ ፎቶ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቁፋሮ ማለት እያፈረሱ ማንበብ ነው፣ አንዴ የተነሳ አፈር ተመልሶ አይነበብም፣ ከዛ በኋላ ለሚመጣው ሰው የሚተርፈው የወጣው ዕቃ፣ ማስታወሻው፣ ንድፉና ፎቶው ብቻ ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ያለን ነገር ቀላል አይደለም፣ መንዝ ላይ «የሻይ ባህል» የሚባሉት (የሚጠጣው ሻይ አይደለም) የመቃብር ጉብታዎች አሉ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚመደቡ፣ ወደ ይፋት ስትወርዱ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል የመሳሰሉት የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ አለ፣ ገና ያልተነካው ደግሞ ከተነካው ይበልጣል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ቁፋሮ ላይ ካሜራና ላፕቶፕ ለሚያዝላችሁ ልጆች፣ ለተመራቂዎች፣ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ለምትሰሩም ነው። አማራጮቹን አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ፣ መመዘኛዬ ግን አንድ ነው፦ እኔ በሌለሁበት፣ ኢንተርኔት በሌለበት፣ ሶፍትዌሩም በጠፋበት፣ ሌላ ሰው ፎቶውን አግኝቶ የምን እንደሆነ ማወቅ ይችላል ወይ? ይሄን የማያልፍ አማራጭ ሌላው ነገሩ የቱንም ያህል ቢያምር አልመርጠውም።

ፎልደሩ በምን ይከፈል?

ሰው ሁሉ የሚጠቀመው ከሶስት አንዱን ነው፣ በቀን፣ በትሬንች ወይ በአይነት።

በቀን መክፈል ጥሩነቱ ምንም ማሰብ አለመፈለጉ ነው። ማታ ደክሟችኋል፣ እጃችሁ አፈር ነው፣ መብራት የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ይሆናል፣ የዛሬን ቀን ፎልደር ከፍታችሁ ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ ብቻ ነው። ከመስክ ማስታወሻው ጋርም ይገጥማል፣ እሱም የሚጻፈው በየቀኑ ስለሆነ። ጉዳቱ ከወራት በኋላ ሪፖርት ስትጽፉ ይመጣል፣ አንድ ኮንቴክስት (በቁጥር የሚለይ አንድ የአፈር ንብርብር ወይም ክፍል) አምስት ቀን ከተቆፈረ ፎቶው አምስት ፎልደር ውስጥ ተበትኗል።

በትሬንች መክፈል ለሪፖርት ጸሐፊው ገነት ነው፣ ትሬንች 2ን ከፈተ፣ ኮንቴክስት 14ን ከፈተ፣ በቃ። ግን በየማታው ፎቶ እያዩ ወደየቤቱ መውሰድ ይጠይቃል፣ እኔ ያየሁት የጠፋ ፎቶ አብዛኛው የጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ኮፒ ሳይሆን «ከት» አድርጎ ሲወስድ መሀል ላይ መብራት የሄደበት፣ የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ የጣለና ያልታወቀው። ሌላም አለ፣ ሁለት ትሬንች አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ የት ይግባ? ሁለቱም ጋ ከገባ ሁለት ኮፒ ሆነ፣ ነገ አንዱን ያስተካክላል ሌላው ባለበት ይቀራል፣ የቱ ትክክለኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በአይነት መክፈል፣ ማለትም የግኝት ፎቶ፣ የጉድጓድ ግድግዳ ፎቶ፣ የስራ ላይ ፎቶ እያሉ ማለት ነው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ሸክላና ዶቃ ለሚያነሳ ሰው ይሆናል፣ ሜዳ ላይ ግን አይመከርም፣ ከሸክላው ስር ያለው ግድግዳ አብሮ ከወጣ የቱ ውስጥ ልትከቱት ነው?

የኔ ምርጫ ሁለቱን ማጣመር ነው። ዋናው ፎቶ በቀን ፎልደር ይገባል፣ ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም፣ አይቀየርም፣ ብዥ ያለውም አይሰረዝም። ለሪፖርት የተመረጡት ብቻ ኮፒ ተደርገው በትሬንች በተከፈለ ሌላ ፎልደር ይቀመጣሉ፣ ያኛው ቢበላሽ ከዋናው ድጋሚ ይወጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው መዝገቡ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

የፋይል ስም፦ ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚህ ጋ ነው

ካሜራው በሰጠው ስም መተው አይቻልም። ካሜራ 9999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፣ ሁለት ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱም አንድ አይነት ቁጥር ይሰጣሉ፣ አንዱ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጡ «ሪፕሌስ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የደከመው ሰው «አዎ» ይላል፣ ያኔ አለቀ።

ስሙ ምን ይያዝ በሚለው ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሁሉንም ስሙ ውስጥ መክተት ነው፣ ሳይት፣ ቀን፣ ትሬንች፣ ኮንቴክስት፣ ተራ ቁጥር። ሌላው የማይለወጠውን ብቻ መክተት ነው፣ የሳይት ኮድ፣ ቀን፣ የካሜራ ፊደል፣ ተራ ቁጥር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመክራል፣ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም ኮንቴክስት ይለወጣል። 14 ብላችሁ የጀመራችሁት አፈር በሶስተኛው ቀን ከ17 ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል፣ ወይ ለሁለት ይከፈላል፣ ያኔ ሰባ ፎቶ ሪኔም ማድረግ ነው፣ ሪኔም የተደረገው ደግሞ ባክአፕ ላይ ካለው ጋር በስም አይገጥምም፣ አንድ ፎቶ ሁለት ስም ይዞ ይዞራል። ኮንቴክስቱ መዝገብ ላይ ይሁን፣ እዛ ማረም ቀላል ነው። ለሁለት ሶስት ቀን ብቻ የሚሰራ፣ ለምሳሌ መንገድ ሲቆረጥ የተገኘ ነገር ለማትረፍ የሚቆፈር አንድ ጉድጓድ ከሆነ ግን ሁሉንም ስሙ ላይ ብትጽፉ ችግር የለውም።

ቁጥር ላይ ዜሮ መሙላት አትርሱ፣ 0007 እንጂ 7 አይሁን፣ ካልሆነ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

አሁን የኛ የብቻችን ወደሆነው ልግባ፣ ፊደል፣ ቀንና ሰዓት።

በአማርኛ መሰየም ይቻላል፣ የኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባው 1999 በፈረንጆች ነው፣ የዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ ያነበዋል። እኔ ግን የፋይል ስም ላይ አልጠቀመውም። አንደኛ አንዳንድ ዚፕ መፍቻና ቆየት ያለ የካርታና የ3ዲ ሶፍትዌር ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል። ሁለተኛና ትልቁ፣ ሰርች ላይ ያስቸግራል፣ አንዱ «አጽም» ይላል፣ አንዱ «አፅም»፣ አንዱ «ዐፅም»፣ ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሶስት የተለያየ ነገር ነው፣ «አጽም» ብላችሁ ስትፈልጉ የሁለቱ ልጆች ፎቶ አይወጣም፣ እናንተም የለም ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ሀውልት፣ ዐለት፣ ሥዕል፣ ሁሉም እንደዛው ናቸው። ወር በስም ከጻፋችሁ ደግሞ በፊደል ተራ ህዳር ከመስከረም ይቀድማል፣ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል፣ ቅደም ተከተሉ ተበላሸ። ስለዚህ ፋይሉ ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ክፍት ቦታ ሳይኖረው፣ አማርኛው መዝገብ ላይ። መዝገቡ ላይም የተስማማችሁበት የቃላት ዝርዝር ይኑር፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ «አፅም በፀሐዩ ፀ» ብላችሁ ወስኑና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ የትኛው ልክ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፣ አንድ መሆኑ ነው የሚጠቅመው። በላቲን ስትጽፉም የቦታ ስም ሰው እንደሰማው ስለሚጽፈው ለሳይቱ ሶስት ፊደል ኮድ አውጡለትና እሷን ብቻ ተጠቀሙ።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ማስታወሻ የሚይዘው ልጅ በኛ። «ጥር 6 ቀን 2017 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ካሜራው ውስጥ 2025-01-14፣ 09፡00 ነው፣ እዚህ ድረስ ደህና። አንድ ቀን ግን «ጠዋት» ወይ «ከሰዓት» ማለቱን ይዘልና «9፡00» ብቻ ብሎ ይጽፋል። በኛ ከሆነ ካሜራው ላይ 15፡00 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ሁለቱም የስራ ሰዓት ስለሆነ በግምት አይለይም። እኔ እንዲህ አይነት አንድ ሙሉ ቀን ያስተካከልኩት በጥላ ነው፣ ፎቶው ውስጥ የሰሜን ቀስት ካለ የቆመው ስኬል ጥላ ወደ ምዕራብ ከወደቀ ጠዋት ነው፣ ወደ ምስራቅ ከወደቀ ከሰዓት ነው፣ ደመና የነበረበት ሰዓት ፎቶ ግን እስካሁን አልተፈታም። አማራጩ ሁለት ነው፣ ሁሉም ሰው በፈረንጅ ይጻፍ ማለት፣ ወይ ሁለቱንም አምድ መያዝ። እኔ ሁለቱንም ነው የምለው፣ ሰራተኛውም ተቆጣጣሪውም የሚያስበው በኛ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ጻፍ ስትለው ጭንቅላቱ ውስጥ እየቀነሰ ይሳሳታል። ማስታወሻው በኛ ይጻፍ፣ ማታ የሚመዘግበው ሰው ጎኑ የፈረንጁን ይሙላ። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ፎቶ ደግሞ የስልካችሁ ሰዓት ይሁን፣ ስልኩን ሰሌዳው ጎን አስቀምጣችሁ አንድ አንሱ፣ የካሜራው ሰዓት ቢዛነፍ በሷ ታስተካክላላችሁ።

ቀኑ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ጥር 11 2017 ጃንዋሪ 19 ነበር፣ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ግን ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው፣ 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ስለነበረች። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በቃላችሁ የምታውቁት ልዩነት በአንድ ቀን ይንሸራተታል፣ ይሄ ደግሞ ዝናብ ቆሞ የሚቆፈርበት ወቅት ነው። ቀጣዩ መንሸራተት 2020 ዓ.ም. ላይ ነው። በቃል አትለውጡ፣ መቀየሪያ ተጠቀሙ፣ ፋይሉ ላይ ዓመት-ወር-ቀን ብላችሁ በፈረንጅ ጻፉ፣ አይኤስኦ 8601 የሚባለው አጻጻፍ ነው፣ በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል፣ 05/06 ሜይ ነው ጁን የሚል ክርክርም አያመጣም።

መዝገብ፦ ወረቀት፣ ኤክሴል ወይስ ኮቦ?

ወረቀት ላይ የሚጻፍ የፎቶ መዝገብ አሁንም አልተሸነፈም። ባትሪ አይጨርስም፣ ንፋስና አቧራ ውስጥ ይሰራል፣ ሰሌዳ የሚይዘው ልጅ ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ጉዳቱ አንድ ቅጂ መሆኑ ነው፣ ሻይ ቢፈስበት አለቀ። ስለዚህ ማታ ማታ ገጹን በስልክ አንሱትና ከዕለቱ ፎቶ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈዛል።

ኤክሴል ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ ዋናው መዝገብ እሱ ይሁን እላለሁ፣ ሶስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። የኮንቴክስት ቁጥር «3-5» ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ ይቀይረዋል፣ «014» ስትጽፉ 14 ያደርገዋል፣ ሳትጽፉ በፊት አምዱን «ቴክስት» አድርጉት። ሁለተኛው የባሰው ነው፣ አንድ አምድ ብቻ መርጣችሁ ሶርት ካደረጋችሁ ያ አምድ ብቻ ተገለባብጦ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ እያንዳንዱ ፎቶ የሌላ ፎቶ መግለጫ ይይዛል፣ ከውጪ ሲታይ ደግሞ ምንም የተበላሸ አይመስልም። በየቀኑ የቀኑን ቀን ስሙ ላይ ጨምራችሁ አዲስ ኮፒ ሴቭ አድርጉ፣ የተበላሸው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ተመልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ሶስተኛ፣ ወደ ሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ጽሁፍ ፋይል) ስትቀይሩ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፣ ካልሆነ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ አንዴ እንደዛ ሆኖ ሴቭ ከሆነ ደግሞ አይመለስም።

ኮቦን፣ በስልክ ፎርም የሚሞላበትን ፕሮግራም፣ ብዙዎቻችሁ ኤንጂኦ ጥናት ላይ ዳታ ስትሰበስቡ ታውቁታላችሁ። ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሰራል፣ ፎርሙን በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ኮንቴክስት ቁጥር ሳይሞላ እንዳያልፍ ማስገደድ ይቻላል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ወረቀት ማንንም አያስገድድም። ግን ለፎቶ አይሆንም። በፎርሙ የተነሳ ፎቶ የራሱን ረጅም ቁጥር ስም ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ከፎርሙ ከተለየ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ጥራቱም የስልክ ነው። እኔ ብመርጥ ኮቦን ለኮንቴክስት ቅጽና ለዕቃ ምዝገባ፣ ፎቶውን በካሜራ፣ ፎርሙ ላይ የፎቶ ቁጥሩን ብቻ። ቡድናችሁ ከአራት ሰው በታች ከሆነ ግን ኮቦ ለማዘጋጀት የሚወስደው ቀን አያዋጣም፣ ወረቀትና ኤክሴል ይብቃችሁ።

አምዶቹ ብዙ አይሁኑ። የፎቶ ቁጥር፣ ቀን በሁለቱም፣ ትሬንች፣ ኮንቴክስት፣ ወዴት እያየ እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው፣ ምን እንደሚታይ። አንድ ደግሞ እኔ የጨመርኩት አለ፣ «ማን ቆፈረው»። እዛች ድንጋይ ላይ ጋሼ ያስተማሩኝ ነው፣ ጉድጓዱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እጁ ውስጡ የነበረው ሰው ነው።

ሶፍትዌር ያስፈልጋል ወይ?

ዲጂካም የሚባለው የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ታግ (መለያ ቃል) መስጠት ይቻላል፣ «ትሬንች 2» የሚል ታግ ለሰማኒያ ፎቶ በአንዴ ትሰጣላችሁ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ታጉ ፋይሉ ላይ ወይ ጎኑ በሚቀመጥ ኤክስኤምፒ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ማድረጋችሁን አረጋግጡ፣ የፕሮግራሙ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ከቀረ ላፕቶፑ ሲሞት ታጉም አብሮ ይሞታል። ላይትሩም ፎቶ ለማስተካከል ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ክፍያው በየወሩና በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ከዚህ ሆኖ መክፈል ራሱ ፈተና ነው፣ ክራክ የተደረገውን አውርዶ መጫን ደግሞ ቫይረስ በገዛ እጅ ወደ ቁፋሮ ዳታ ማስገባት ስለሆነ በፍጹም። ትሮፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የተሰራው የመዛግብት ፎቶ ለሚያነሱ ተመራማሪዎች ነው፣ የማስታወሻ ደብተር ገጾችን አንድ ላይ ሰብስቦ መግለጫ ለመስጠት እወደዋለሁ፣ ለሺህ የትሬንች ፎቶ ግን አልመርጠውም። ጉግል ፎቶስ ለቤተሰብ ፎቶ ነው፣ ድንጋይን ከድንጋይ አይለይም፣ ያለገደብ ነጻ መሆኑም 2021 ላይ ቀርቷል፣ አሁን 15 ጊጋ ነው፣ እሱም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የሚጋሩት።

እኔ ዲጂካም፣ እሱም ተጨማሪ ሆኖ። ያለሱም ስራው መቆም የለበትም።

ጄፔግ ወይስ ሮው (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)፣ ባጭሩ፦ ለስራ ላይ ፎቶ ጄፔግ ይበቃል፣ ለጉድጓድ ግድግዳና ለግኝት ግን ሁለቱንም አንሱ፣ የአፈሩ የቀለም ልዩነት ስስ ስለሆነ ሮው በኋላ ለማስተካከል ዕድል ይሰጣል። ጄፔግን ኤዲት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ኮፒው ላይ ስሩ። አይፎን የሚጠቀም ካለ ካሜራ ሴቲንግ ላይ ጄፔግ እንዲያወጣ ይቀይረው።

የት ይቀመጥ?

ሂሳቡን እንስራ። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ነው፣ በቀን 200 ብታነሱ 6 ጊጋ ገደማ፣ በ25 የስራ ቀን 150 ጊጋ። ይሄን በሞባይል ዳታ ክላውድ ላይ ልጫን ማለት መንዝ ላይ የማይሆን ነው። ክላውድ ላይ የሚጫነው መዝገቡ፣ የማስታወሻው ገጽና የተመረጡት ትንንሽ ፎቶዎች ናቸው፣ ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ስትወርዱ።

ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ሲወዳደሩ ሰው ዋጋውን ብቻ ነው የሚያየው፣ እኛ አገር ግን ከፍታም ይታያል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንባቢው ጫፍ በስስ አየር ላይ ተንሳፎ ነው የሚሰራው፣ የብዙዎቹ መመሪያ ደግሞ በስራ ላይ እስከ 3000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚለው። ደብረ ብርሃን 2800 አካባቢ ስለሆነች ታልፋለች፣ መሀል ሜዳ ግን ከ3000 በላይ ናት፣ ጓሳ ደግሞ ከዛም በላይ ነው። ወዲያው ይሞታል እያልኩ አይደለም፣ ስጋቱ ግን ይጨምራል፣ በዛ ላይ የፒስታ መንገዱ ንዝረት አለ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ስለዚህ ለመስክ ኤስኤስዲ፣ ትንሽም ቢሆን ባለ 500 ጊጋ። ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚቀመጠው ግን ተቃራኒው ነው፣ ኤስኤስዲ ሳይሰካ ብዙ ዓመት ከቆየ ዳታው ሊጠፋ ይችላል፣ እዛ ላይ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ በዓመት አንዴ እየተሰካ ይታይ። ፍላሽ ለማቀበያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

ሶስት ኮፒ፣ በሁለት አይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ይሄ ህግ ፎቶግራፈሮች ዘንድ የታወቀ ነው፣ እኛ ጋ ሲተረጎም አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ኤስኤስዲው ላይ፣ አንዱ መኪና ወደ ከተማ ሲወርድ አብሮ የሚወርድ። ላፕቶፕና ዲስክ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተያዙ ያ ሁለት ኮፒ አይባልም፣ ቦርሳው ሲጠፋ ሁለቱም ናቸው የሚጠፉት። ካርዱም ፎቶው ሁለት ቦታ መግባቱ ሳይረጋገጥ ፎርማት አይደረግ። ለማረጋገጥ ቴራኮፒ ያለ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ከገለበጠ በኋላ የሁለቱን ፋይል አሻራ አነጻጽሮ እኩል ነው አይደለም ይላችኋል።

ሾርትከት ቫይረስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ፍላሹን ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ቀስት ያለበት ሾርትከት ይሆናል። ያኔ አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ፣ ሾርትከቱንም አትክፈቱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል፣ የሚያውቅ ሰው ይመልሰዋል። የካሜራ ካርድ ጎኑ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ መቆለፊያ አለች፣ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ዝቅ አድርጓት፣ ምንም እንዳይጻፍበት ትከለክላለች።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፎቶ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ካሜራው የጻፈበትን ቀንና ሰዓት ያጠፋዋል፣ «ፋይል» በሚለው ላኩት። ባክአፕ ግን አይደለም። ለህዝብ የምትለቁት ፎቶ ላይ በተቃራኒው የጂፒኤስ መረጃውን አጥፉ፣ ወርቅ አለ ብሎ ጉብታ የሚቆፍር ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቦታውን እኛው ልንጠቁመው አይገባም። የሰው አፅም ፎቶም እንዲሁ አይለቀቅ፣ የዛ አገር ሰው የአያት የቅድመ አያቱ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አናግሩ።

ስታስረክቡ

ቁፋሮ ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ አዋጅ 209/1992 ይከለክላል፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን የሚባለው መስሪያ ቤት ነው፣ ስለዚህ አንድ ሙሉ ቅጂ ወደዛ እንደሚሄድ አስባችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። አንድ ደግሞ ለወረዳው ስጡ፣ እኔ ሁሌም እሰጣለሁ፣ ቅርሱ ያለው እነሱ ደጅ ነው፣ ነገ መንገድ ወይ ቤት ሲሰራ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

ዲስኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታይ አንድ የጽሁፍ ፋይል ይኑረው፣ በአማርኛ፣ ስሙ ከ00 የሚጀምር ቢሆን ከላይ ይወጣል። ወርድ ሳይሆን ተራ ቴክስት አድርጉት፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች ተጽፎ ዛሬ የማይነበብ ስንት ሪፖርት በየቢሮው እንዳለ የምታውቁት ነው። ውስጡ የሳይቱ ኮድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የካሜራው ሰዓት ስንት ደቂቃ ይቀድም ወይ ይዘገይ እንደነበር፣ የቃላት ዝርዝሩ፣ መዝገቡ የትኛው ፋይል እንደሆነ፣ ሰሌዳ የሌላቸው ፎቶዎች ቁጥር ተዘርዝሮ። የቆፋሪዎቹንም ስም፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደሰሩና ቀበሌያቸውን ጻፉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ።